ኮሽም ወይስ ብሎኬት? ወፍና ንብ የሚመጡበት ግቢ ለሚያስቡ

ከስድስት ዓመት በፊት የግቢያችንን የኮሽም አጥር አስነቅለን በብሎኬት አሳጠርን። ሰፈሩ ሁሉ ብሎኬት እያደረገ ስለነበር እኛም ተከተልን። አጥሩ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ግቢው ፏ አለ። በሳምንቱ ግን ጠዋት ስነሳ አንድ ነገር ጎደለኝ። ግቢው ጭር ብሏል። ለካ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሲንጫጩ የነበሩት ድንቢጦች ማደሪያቸው ያ እሾሃም አጥር ነበር። እናቴ "ቤታቸውን አፈረስንባቸው እኮ" አለች። ከልቧ አዝና ነው።

ከዚያ ወዲህ ግቢውን ቀስ በቀስ ስመልስ ቆይቻለሁ። ቦታው 160 ካሬ ነው፤ ግማሹን ቤቱ ይዞታል። ቢሆንም ዛሬ ድንቢጥ፣ ዋኖስ፣ ንብ፣ ቢራቢሮ፣ አልፎ አልፎም እስስት አለበት። እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ቦታ ላይ "ይሄ ይሻላል ወይስ ያ?" ብዬ ቆሜያለሁ፣ አንዳንዱንም ተሳስቼ መርጫለሁ። ይህን የምጽፈው አዲስ አበባና እሷን በመሰሉ ደጋና ወይና ደጋ ከተሞች ግቢ ኖሯቸው እዚያው ምርጫ ላይ ለቆሙ ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ወሩን አስቡ

ችግኝ ጣቢያ ስንሄድ ብዙዎቻችን የምንጠይቀው "አበባው ምን ይመስላል? ቶሎ ያድጋል?" ብለን ነው። እኔ አሁን የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው። ከዚህ ተክል ማን ይበላል? በየትኛው ወር?

የወሩ ነገር ቀላል አይደለም። መስከረምና ጥቅምት ላይ አገሩ ሁሉ አበባ ነው። አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ ያለብሰዋል፣ ንቡም ይጠግባል። የማር ቆረጣ ኅዳር አካባቢ የሚደምቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በእነዚያ ሳምንታት የእናንተ ግቢ አበባ ኖረውም አልኖረው ንብ ብዙም አይጎዳም። ከታኅሣሥ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሳሩ ይደርቃል፣ ሜዳው ይነጣል፣ በልግ ካልጣለ እስከ ሚያዝያ ድረስ ችግር ነው። ጥር ላይ አንድ ያበበ ግራዋ ያለበት ግቢ ሳይታይ በፊት ይሰማል። ዛፉ ሥር ቆማችሁ ዓይናችሁን ብትጨፍኑ የንቡ ድምፅ እንደሚፈላ ጀበና ነው።

ስለዚህ ሁለት ተክል በዋጋም በእንክብካቤም እኩል ከሆነባችሁ በበጋ የሚያብበውን ወይም የሚያፈራውን ምረጡ። ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው።

አጥር

ብሎኬት የሚመረጥበት ምክንያት አለው። ለሌባ ያስቸግራል፣ ከመንገድ ዓይን ይከልላል፣ የሚወስደው ቦታም ከሃያ ሳንቲ ብዙ አይበልጥም። የኮሽም አጥር ግን ሲያድግ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ይይዛል። በዓመት ሁለቴ መከርከም ይፈልጋል። ጠባብ ግቢ ላለው ሰው ይህ ቀላል መሥዋዕትነት አይደለም።

ለወፍ ግን ሁለቱ አይወዳደሩም። ኮሽም እሾሁ ረጅም ነው፤ ድመት አትደፍረውም። ስለዚህ ትንንሽ ወፎች ውስጡ ያድራሉ፣ ጎጆም ይሠራሉ። ፍሬው ለእኛ የሚያኮማትር ቢሆንም ለወፍ ምግብ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኮሽም ወንድና ሴቴ ተክሉ ለየብቻ ነው። አንድ ብቻ ተክሎ "ለምን አላፈራልኝም?" የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ቢያንስ አምስት ስድስት ችግኝ በአንድ ረድፍ ካስገባችሁ ሁለቱም ፆታ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው።

እኔ አሁን የደረስኩበት መፍትሔ መሐሉን የያዘ ነው። ብሎኬቱ አለ። ከውስጥ በኩል በፀሐይ መውጫ ጎን ባለው ስምንት ሜትር ርዝመት ብቻ ኮሽምና ቀጋ ቀላቅዬ ተክያለሁ። በቀረው ግድግዳ ላይ የሚወጣ ተክል ነው ያለው። አጥራችሁን ገና ያልነቀላችሁ ካላችሁ ግን ምክሬ አጭር ነው። አትንቀሉት። በሁለት ቀን የሚወድቀውን አጥር ለመመለስ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል።

ግድግዳ ላይ ለሚወጣው ተክል አብዛኛው ሰው ቡገንቪላ ይመርጣል። ድርቅ ይችላል፣ ቀለሙ ያስደንቃል፣ ጥቅጥቅ ሲል ለጎጆም ይሆናል። ነገር ግን አበባ የሚመስለው ደማቁ ነገር ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ቱቦ ናት። ንብ ብዙም አትሄድበትም። ማደሪያ ይሆናል እንጂ ማዕድ አይሆንም። እንዶድ በአንጻሩ ለዓይን እምብዛም ነው፣ ፍሬውን ግን ወፎች ይወዱታል። እንዶድን ድሮ እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው በቀንድ አውጣ የሚተላለፈውን የቢልሃርዝያ በሽታ ለመከላከል ይጠቅማል ወደሚለው ምርምር የገቡት። ያ ኃይሉ እኛንም ይመለከታል። ፍሬው ዓሣንም ይገድላል። ግቢያችሁ ውስጥ የዓሣ ገንዳ ካለ እንዶድን ከሱ አርቁ።

አጥር ከመከርከማችሁ በፊት ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። በዝናቡ ወራት ብዙ ወፍ ይፈለፍላል። እንቁላል ያለበትን ጎጆ መቁረጫው አያውቀውም፣ የቀን ሠራተኛውም ካልነገራችሁት አያስተውልም።

ዛፍ፦ ቦታ ያለው ለአንድ ብቻ ከሆነ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዛፍ ስትመርጡ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ነው የምትመርጡት።

በየግቢው በብዛት የማየው የፈረንጅ ጽድ ነው። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲከረከም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሱ ጎን የሐበሻ ጽድ ብታቆሙ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ቀረብ ብላችሁ ፍሬያቸውን እዩ። የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት ጠንካራ ኳስ ነው። የሐበሻው ፍሬ ትንሽ፣ ሰማያዊ ጥቁር፣ ሥጋ ያላት ናት፤ ወፍ ትውጣታለች። ግንባሩ ቀይ የሆነው ትንሹ አረንጓዴ በቀቀን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም በተፈጥሮ የማይገኘው፣ ከሚመገባቸው ፍሬዎች አንዱ ይሄ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ጽድ ካለ ቀና ብላችሁ ጠብቁ፤ ሲጮሁ ትሰሟቸው ይሆናል። የሐበሻ ጽድ ጉድለቱ አዝጋሚነቱ ነው። እንደ ኮሽም እሱም ወንድና ሴቴው ለየብቻ ስለሆነ አንድ ብቻ የሚተክል ሰው ፍሬ ላያይ ይችላል። የእናንተዋ ሴቴ ከሆነችና አቅራቢያችሁ የቆየ ጽድ ያለበት ቅጥር ካለ ግን ነፋሱ ያገናኛቸዋል።

ወይራን የምወደው ስለጭሱ ብቻ አይደለም። ፍሬው ትናንሽና ጥቁር ነው፣ ወፍ ይሻማበታል። ቅጠሉም ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም። ችግሩ እሱም አይቸኩልም። ወይራ የሚተክል ሰው ለልጁ የሚተክል ያህል ነው። ትዕግሥት ካላችሁና ቤቱ የራሳችሁ ከሆነ በእኔ ሚዛን ከሁሉ ይበልጣል።

ዋንዛ ነጭ አበባው ሲያወርድ መሬቱን ያለብሰዋል። ንብም ይወደዋል፣ ፍሬውንም ወፍም ልጅም ይለቅመዋል። ነገር ግን ይሰፋል። ከቤቱ ቢያንስ አምስት ሜትር ይፈልጋል። ብርድም አይወድም። ወደ አቃቂና ቦሌ በኩል ሲስማማው ወደ እንጦጦ ሥር ግን ይቸገራል። ብሳናም ለንብ ጥሩ ነው፤ የሚያብበው ከበልግ ጋር ተያይዞ ስለሆነ የወር ክፍተት ይሞላል። ቅጠሉ እየረገፈ ግቢ ያቆሽሻል የሚሉ አሉ። የረገፈውን ቅጠል ጥግ ላይ ብትከምሩት በስብሶ አፈር ይሆናል፤ ጥንዚዛና ትል ይፈላበታል፣ ወፍ ደግሞ ያን እየጫረች ትበላለች።

ቆርች በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ብቻ ሆኖ የሚቆም ዛፍ ነው። አበባውን የሚቀስሙ ወፎች ያኔ ይሰፍሩበታል። ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ መሬት ብትሰኩት ይበቅላል፤ ገጠር ላይ ለአጥር የሚመረጠውም ለዚህ ነው። እሾህ ስላለው ትንንሽ ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ላይ አይሁን።

ሾላና ዋርካ ከቤት ግቢ ይልቅ ለሜዳ ነው የሚሆኑት። ለወፍ ከነሱ የሚበልጥ የለም፣ ግን ሥራቸው የፍሳሽ ቱቦ ይሰብራል፣ አጥር ይገለብጣል።

ባሕር ዛፍስ? ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባን ማገዶና ማገር የቻለ ዛፍ ስለሆነ ስሙን በክፉ ማንሳት አልፈልግም። አበባውንም ንብ ይቀስመዋል። በትንሽ ግቢ ግን አይሆንም። ሥሩ ውሃ ይጠጣል፣ ቅጠሉ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዳይበቅል ያደርጋል። እሱን ከተከላችሁ እሱን ብቻ ነው የምታገኙት።

እንግዲህ እኔ የተከልኩት ምንድን ነው? ግራዋ ነው። ብዙ ሰው ይገረማል፤ ግራዋ ጋን ማጠቢያ እንጂ የግቢ ዛፍ መስሎ አይታየውም። ግን አስቡት። ከቅርንጫፍ ይበቅላል፣ በሁለት ሦስት ዓመት ጥላ ይሆናል፣ ሲበዛ ብትቆርጡት መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ብዙ ውሃ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ የሚያብበው በበጋ ነው። ከመቶ ካሬ በታች ክፍት ቦታ ላለው ሰው የመጀመሪያ ዛፍ ብዬ የምመክረው እሱን ነው። ሁለተኛ ቦታ ካለ ወይራ። የአገር ዛፎችን አድገው ለማየት የሚፈልግ ሰው ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አንድ ቀን ይዋል። ከ700 ሄክታር በላይ ነው። እዚያ የቆመውን ዛፍ ስታዩ ግቢያችሁ ይበቃው እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል።

አበባ፦ የሚያምረውና የሚያበላው

የአበባ ሻጭ ዘንድ ያለችውን ድርብርብ ጽጌረዳ ከቀጋ ጋር አስተያዩ። የተገዛችው ቅጠሏ እንደ ጎመን የታጨቀ ነው። የአበባው ብናኝ ያለበት መሐል ተሸፍኗል፤ ንብ ዞራ ዞራ ትሄዳለች። ቀጋ አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ አላት። መሐሏ ክፍት ነው፣ ቢጫው ብናኝ እንደ ሰሐን ቀርቧል። ካበበች በኋላ ደግሞ ያ ልጅ ሆነን የለቀምነው ቀይ ፍሬ ይመጣል። አንዷ ለዓይን ብቻ ናት። ሌላዋ ለዓይንም፣ ለንብም፣ ለወፍም። ድርብርቧን አትትከሉ አልልም። የእናቴ ቀይ ጽጌረዳ በረንዳው ሥር አለች፣ ማንም አይነካትም። ግቢው ሙሉ እንደሷ ከሆነ ግን የሚበላ የለም።

ይሄ ሕግ ለሌላውም ይሠራል። መሐሉ የሚታይ አበባ ያበላል፤ የታጨቀ አበባ አያበላም።

አሁን ደግሞ ስለራሴ ስሕተት ልንገራችሁ። አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ "ቢራቢሮ የሚጠራ ነው" ተብዬ ስድስት ችግኝ ገዛሁ። ቢጫና ሮዝ ተቀላቅሎ የሚያብብ፣ ቅጠሉ ሲታሽ የሚሸት ቁጥቋጦ ነው። እውነትም ቢራቢሮው መጣ። በዓመቱ ከአጥር ውጭ ቦዩ ዳር ላይ በቅሎ አየሁት። ኋላ ስጠይቅ የወፍ ቆሎ ነው። ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች የመጣ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የግጦሽ መሬት የወረረ፣ ከብት ከበላው የሚመርዝ ተክል ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን ታዛምታለች። ነቅዬ ጣልኩት፣ ሥሩን ለማውጣት ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። "ወፍ ይወደዋል" የሚለው ብቻ በቂ መመዘኛ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ወፍ የወደደውን ተሸክማ የምትሄድበትንም ማሰብ ያስፈልጋል።

በምትኩ የተከልኩት ራስ ክምር ነው። ሜዳ ላይ፣ መንገድ ዳር ታውቁታላችሁ። ቀጥ ያለ ግንድ ላይ ብርቱካናማ አበባ ክብ ክብ እየሆነ ይደራረባል። ዘሩን ከመንገድ ዳር ሰብስቤ ነው የዘራሁት፣ አንድ ሳንቲም አላወጣሁበትም።

ባለፈው ኅዳር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሻይ ይዤ ከሱ ሁለት ሜትር ርቄ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ጥቁር የመሰለች ወፍ መጣች። ግንዱ ላይ ተንጠለጠለች። ምንቃሯ ቀጭንና ቆልማማ ነው፤ በአበባው ቱቦ ውስጥ ልክ ገባ። ዞር ስትል ፀሐይ አገኛት። ጥቁሩ ጠፋ። ደረቷና ጀርባዋ ወይን ጠጅ፣ ጭንቅላቷ እንደ ነሐስ አበራ። ከጅራቷ መሐል ሁለት ላባዎች ረዝመው ወጥተዋል። "መጣች" አልኩ እንጂ እሱ ነው፣ ወንዱ ነው እንዲህ የሚያበራ፤ ሴቷ አመድማ ናት። በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ የተከዜ ወንዝ ስም አለበት። ከታች ወደ ላይ እያንዳንዱን ክምር አዳረሰና ሄደ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር።

ይህን ወፍ ለማምጣት ከራስ ክምር ሌላ እሬት አለ፣ አሸንዳም አለ። ከውጭ ከመጡት ደግሞ ቦትል ብራሽ የሚባለው የአውስትራሊያ ተክል ያመጣዋል። ብዙ ግቢ ውስጥ አለ፤ ካለ አትቁረጡት። አዲስ ለመትከል ግን እሬትን አስቀድሙ። ድንጋያማ ጥግ ላይ ይኖራል፣ ውሃ አይጠይቅም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሳርና መሬት

ግቢውን ሙሉ በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ማልበስ ለመጥረግ ይቀላል፤ ለሌላው ፍጡር ግን ምድረ በዳ ነው። ዝናቡም የሚሰርግበት ያጣል። ሙሉ በሙሉ ሳር ማድረግ ደግሞ ይሻላል ቢባልም በበጋ ሮቶ ሙሉ ውሃ ይጠጣል፣ አጭር ሆኖ ሲታጨድ የሚያብብ ነገር የለውም። እኔ መኪና የሚቆምበትን ኮብልስቶን አድርጌ፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ጥቂት ሳር ትቼ፣ ቀሪውን መደብ አደረግሁት። አንድ ጥግ ላይ ባዶ አፈር አለ። ብቻቸውን ከሚኖሩ ትንንሽ ንቦች ብዙዎቹ አፈር ቆፍረው ነው እንቁላል የሚጥሉት። እምብዛም አይናደፉም፣ አትፍሯቸው።

ውሃ

ከተክል ሁሉ በፊት ወፍ የሚያመጣው ውሃ ነው፤ በተለይ በየካቲት። ምርጫው ሦስት ነው። ገንዳ መሥራት፣ ሰፊ የሸክላ ሰሐን ማስቀመጥ፣ ወይም አሮጌ ትሪ።

ገንዳ እንቁራሪትና የውሃ ተርብ ያመጣል፣ ደስ ይላል። ሕፃን ላለበት ቤት ግን አደጋ ነው። ውሃው ከቆመ ትንኝ ይፈላበታል። ድክ ድክ የሚል ልጅ ካለ ለጊዜው ይቅር።

ትሪ ወጪ የለውም። ጉድለቱ ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ያንሸራትታልም። ጥላ ውስጥ አድርጋችሁ ጠጠር ብትበትኑበት ይሠራል። ከአበባ ማሰሮ ሥር የሚቀመጠው ሰፊ የሸክላ ሰሐን ግን ይበልጣል። ሸካራ ስለሆነ እግር ይይዛል፣ ውሃውን ያቀዘቅዛል። ጥልቀቱ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ይበቃል። ለንብ መቆሚያ ከውሃው ብቅ የሚሉ ድንጋዮች አድርጉ፤ አለዚያ ይሰጥማሉ። በየሁለት ቀኑ ደፍታችሁ ቀይሩ። የትንኝ ዕጭ ክንፍ ለማውጣት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ስለሚፈልግ ሳይደርስ ይጠፋል። ድመት ተደብቃ የምትዘልበት ቁጥቋጦ አጠገቡ እንዳይኖር፣ ግን ወፏ ሮጣ የምትገባበት ዛፍ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ እንዲኖር አድርጉ።

እህል መበተንስ? የተረፈ እንጀራና ሩዝ የሚጥሉ አሉ። ከድንቢጥ በፊት ቁራና አይጥ ይደርሱበታል። የምትችሉ ከሆነ አደይ አበባውና ሱፉ ሲደርቅ አትንቀሉት፤ ዘሩ ራሱ ምግባቸው ነው።

ትል ሲመጣ

አንድ ሐምሌ ላይ ጎረቤቴ የሆኑ እናት በአጥር ላይ አይተው "ልጄ፣ ሎሚህን ትል ጨረሰልህ እኮ! እኔ ጋ መድኃኒት አለ፣ ልስጥህ?" አሉኝ። ሄጄ አየሁ። ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የመሰለ ነገር አለ። ኩስ አይደለም፤ ትል ነው። ነጭና ቡናማ ሆኖ ኩስ መስሎ ከወፍ ያመልጣል። አደግ ያለው ደግሞ አረንጓዴ ነው። በጣቴ ስነካው ከጭንቅላቱ ጀርባ ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ አወጣና ኃይለኛ ሽታ ለቀቀ። ይህ በጥቁር ክንፉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት የዚያ ትልቅ ቢራቢሮ ልጅ ነው። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ቢራቢሮ ነው የሚሆነው" አልኳቸው። አላመኑኝም። በሳምንታት ውስጥ አንዱ ሲፈለፈል ጠርቻቸው አዩት። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ምርጫው እንዲህ ነው። ማላታይን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ብትረጩ ትሉ ይሞታል፣ ንቡም ይሞታል፣ ትሉን ለጫጩቷ የምታጎርሰው ወፍም የተመረዘውን ታነሳለች። አበባ ብቻ የምትቀስም የምትመስለው ያቺ የሚያበራ ወፍ እንኳ ጫጩቶቿን የምታሳድገው በነፍሳት ነው። የሎሚ ዛፉ ትልቅ ከሆነ ዝም በሉት፤ ያን ያህል ቅጠል ቢያጣ አይሞትም። ገና ችግኝ ከሆነ ትሉን በእጅ ልቀሙና ወደ ትልቅ ሎሚ አዛውሩት። ጎመን ላይ ለሚሰፍረው የተክል ቅማል ደግሞ የሳሙና ውሃ ይበቃል። የግድ መድኃኒት የሚያስፈልግበት ቀን ከመጣ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ማታ፣ አበባ የሌለውን ክፍል ብቻ ርጩ።

ቀፎ ላስቀምጥ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በጠባብ ግቢ አልመክርም። የእኛ ንብ ከተቆጣች አትመለስም፤ ጎረቤት አለ፣ ሕፃን አለ። ይልቅ የሸምበቆ ቁራጭ በአንድ እስር አስራችሁ ከዝናብ በተከለለ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ብቻቸውን ከሚኖሩት ንቦች አንዳንዶቹ ቀዳዳው ውስጥ እንቁላል ጥለው በጭቃ ይደፍኑታል።

ግቢ ለሌለው

የኪራይ ቤት ያለ ሰው ዛፍ ባይተክል አይፈረድበትም። የግራዋ ቅርንጫፍ በግማሽ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥም ለጥቂት ዓመት ይኖራል፤ ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላለው ደግሞ ከጌጥ አበባ ይልቅ የምመክረው የወጥ ቤቱን ነው። በሶብላ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ኮሰረት፣ ጤና አዳም። ዋጋቸው ከጌጥ አበባ ያንሳል፣ ትበሉባቸዋላችሁ፣ ንብም ይወዳቸዋል። ጌጥ አበባው በየዓመቱ ይገዛል፣ እነዚህ ግን ከዓመት ዓመት ይኖራሉ፤ በሶብላ ብቻ ነው በየዓመቱ ከዘሩ የምትዘሩት።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ቅጠል እንዲበዛ ብለን ጫፉን ስለምንቀነጥስ በረንዳ ላይ ያለ በሶብላ ብዙ ጊዜ አያብብም። ከሁለት ማሰሮ አንዱን ተዉት። እህቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ያልተቀነጠሰው ማሰሮ ሲያብብ ንቡ እዚያ ድረስ ወጣ። አበባው ደርቆ ዘር ሲይዝ ልትነቅለው ነበር፣ ቆይ አልኳት። አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለት ድንቢጦች ብረቱ ላይ ቆመው ዘሩን ይለቅማሉ፤ ልጇ ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ ቁርሱን ይዞ ያያቸዋል።